የአዴ ድንቂቱ ደስታ በእንግሊዝኛ

እንግሊዞች ለደስታ ያወጡት ቃል ብዛቱ ይገርመኛል። አገራቸው ዝናብ አያባራም ሲሉ እሰማለሁ፤ ምናልባት ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እየደነገጡ አንዳንድ ስም ሲያወጡላት ኖረው ይሆናል። ነገሩ በዝናብ ከሆነማ እኛ ኢሉባቦሮች ከእነሱ ልናንስ አይገባም ነበር። መቱ ላይ እኮ ዣንጥላ ሳይዝ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል። ያም ሆኖ እኛ «ደስታ» ብለን፣ ሲበዛብን «ሐሴት»ን እና «ፍሥሐ»ን ከቤተ ክርስቲያን ተውሰን፣ ሲቀልብን ደግሞ «ፈንጠዝያ» ብለን በዚህችው ስንብቃቃ ኖረናል። ጎደለብን ብሎ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

ይህን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። እዚሁ መቱ እንግሊዝኛ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። አባቴ ከሰሜን በንግድ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ግን አማርኛውን ከእናቴ ጓዳ፣ ኦሮምኛውን ከደጃፋችን፣ እንግሊዝኛውን ከጠመኔ ብናኝ ጋር ነው የለመድኩት። ከተማው ስሜን ረስቶታል። ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚለኝ፤ ባጃጅ ነጂውም፣ ቄሱም፣ ባሌም ሲናደድ።

መጽሐፉ ላይ ያሉት ምሳሌዎች በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱ ልጆች ስለሆኑ እኔ የራሴን ከመንደር አምጥቼ ነው የማስተምረው። «ግላድ» ማለት፣ እላቸዋለሁ፣ ጎሬ ለመሄድ መናኸሪያ ስትደርሱ አንድ ሰው ብቻ የጎደለው ሚኒባስ ስታገኙ የሚሰማችሁ ነው። ትንሽ ናት፤ ምክንያት አላት፤ ጎሬ ሳትደርሱ ታልቃለች። «ፕሊዝድ» አለቃችሁ ሲገባ ሁላችሁም ብድግ ስትሉለት ፊቱ ላይ የምትታየው ናት። «ዲላይትድ» ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው የምትኖረው፤ ዲላይትድ የሆነ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። «ኮንተንት» ባሌ ነው፣ እሑድ ከሰዓት። ምሳውን በልቶ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ብትነግሩት «እስቲ ቆይ» የሚላችሁ ዓይነት። «ሃፒ» ደግሞ የፊኛና የኬክ ናት። ርካሽ ናት አልልም፤ ግን ለማንም ትሆናለች።

በ«ጆይ» አልቀልድም። ልጆቹንም አላስቀልድም። ጆይ ማለት፣ እላቸዋለሁ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የዋለች እናት «ልጅሽ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትባል ነጠላዋ መሬት መውደቁን የማታውቀው ነገር ነው። በዕድሜያችሁ ሁለት ጊዜ ከመጣላችሁ ታድላችኋል።

መጨረሻ ላይ «ሳቲስፋይድ»ን አስተምራለሁ። ይህቺ የቢሮ ቃል ናት። ላይዋ ደስታ ይመስላል፤ ውስጧ ሲገለጥ ግን ጥያቄ ነው፦ ቃል የተገባልህን አገኘህ ወይ? ስለዚህ አንድን ሰው ሳቲስፋይድ ነው ከማለታችሁ በፊት ለሰውየው ምን ቃል ተገብቶለት እንደነበር ማወቅ ግድ ይላችኋል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ።

እንግሊዝኛ ልታስተምረን ነው እንዴ እንዳትሉኝ። ተናድጄ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እንደተናደድኩ ነው።

ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ፣ መኪና ከሚደርስበት መንገድ ወረድ ብሎ፣ አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ማዶ ያለው መንደር ማዶ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ላይ አንድ ፕሮጀክት የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። የፕሮጀክቱን ስም አልነግራችሁም፤ ረጅም ነው፣ ጀምሬ ስጨርሰው ይመሻል። ድልድዩ በሽቦ ገመድ የተወጠረ፣ ጣውላ የተነጠፈበት፣ ሲሠራ በእርግጥ የሚያምር ነበር። እንግዲህ በመጋቢት የድልድዩ ተጠቃሚዎች ምን ያህል እንደረኩ የሚጠይቅ አንድ ኤክስፐርት ከአዲስ አበባ መጣ። ኦሮምኛ አይችልም፤ መልሱ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። አስተርጓሚ ሲያፈላልግ ወደ እኔ መሩት።

ክፉ ልጅ አይደለም። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ትሑት፣ ቀልጣፋ፣ በር ሲከፍት ቀድሞ የሚያሳልፍ፣ «ቲቸር ቀበቶዎን ይሰሩ» የሚል፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ ነው። ነጭ ሸራ! ዳሪሙ! በመንገድ ላይ «ትናንት ኡካ አካባቢ ነበርኩ፤ እዚያ ሁሉም ሃፒ ናቸው» አለኝ። አንድ ቀን ውሎ የአንድ አካባቢን ደስታ ጨርሶ የመጣ ሰው አጠገብ መቀመጤን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ድልድዩን ለማየት ግን አልወረደም። ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ሰው ጠይቆ መረዳት ይቻላል ብሎ መንገዱ ዳር ካለው ቤት ገባን። ቤቱ የአዴ ድንቂቱ ነው። «አዴ» ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው። አዴ ድንቂቱ ባሏ የሞተባት፣ ቡናዋንና በቆሎዋን ራሷ የምታሳድግ፣ ወንዙ ማዶ የተዳረች ለሊሴ የምትባል ልጅ ያለቻት ሴት ናት። እኔ ከገበያ አውቃታለሁ፤ ማሯን ለዓመታት ገዝቻታለሁ።

እንግዳ መጣ ተብሎ የተቀቀለ ጎደሬ በማር ቀረበ። ብርዝ ተቀዳ። ልጁ በደንብ በላ፤ ይህን አልክድበትም። ከዚያ ታብሌቱን አወጣና ጠየቀ፣ በድልድዩ ምን ያህል ረክተዋል? እኔም ወደ ኦሮምኛ መለስኩት።

አዴ ድንቂቱ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ገለኒ ካን ዋቃቲ» አለች፤ ምስጋና የፈጣሪ ነው። ቀጠለች፦ «ከሩቅ አገር ድረስ መጥታችሁ ቤቴን ረግጣችኋል። ድልድይ ሠራችሁልን፤ ተባረኩ። እናታችሁ ትባረክ። እንኳን መጣችሁ፣ ደስ ብሎናል።»

ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩለት። ተርጉሜም ዝም አላልኩም፤ «ጠብቅ፣ ገና አልተናገረችም» አልኩት። እሱ ግን ጣቱ ታብሌቱ ላይ ነበረች። «ቬሪ ሳቲስፋይድ» የምትለውን ተጫናት። አመስግኖ ተነሣ።

እዚህ ላይ ለማታውቁን ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለምታውቁንም ይደገም። በእኛ አካባቢ ነገር ያለው በር ላይ ነው። ቤት ውስጥ፣ ገበታ ቀርቦ፣ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ የሚነገረው ምስጋና ብቻ ነው። ያሳመማችሁን፣ የጎደለባችሁን፣ የመጣችሁበትን ጉዳይ የምትናገሩት እንግዳው ተነሥቶ፣ እናንተም ልትሸኙት ወጥታችሁ፣ አጥሩ ጋ ስትደርሱ እጁን ያዝ አድርጋችሁ ነው። «አንድ ነገር ነበረች» ይባላል። ያቺ «አንድ ነገር» ናት ዋናዋ። ጎረቤቴ ላሜ በቆሎውን ጠራርጋ እንደበላችበት ሊነግረኝ የመጣ ቀን፣ ተቀምጦ የዚያችኑ ላም ወተት እያመሰገነ ጠጥቶ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠይቆ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ በሩን አልፎ ነው «ቲቸር፣ አንድ ነገር ነበረች» ያለኝ። ሰው የማይሸኝ እንግዳ እዚህ አገር ምንም ሳይሰማ ነው የሚሄደው።

ኤክስፐርቱም ምንም ሳይሰማ ሄደ። ሄደ ብቻ አይደለም፣ ሮጠ። እኛ ገና ከቤቱ ስንወጣ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ሾፌሩ «ጭቃው ሳይዘን!» ብሎ ጮኸ፤ ልጁ ነጭ ሸራውን እያየ ዘሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አዴ ድንቂቱ እኔን እጄን ይዛ ቀርታለች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ነበረች» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የማዶውን መደገፊያ ግንብ ከሥሩ ቦርቡሮታል። ጣውላው ተገንጥሏል፤ ገመዱ ረግቧል። በዚህ ክረምት ማንም አይሻገርበትም። ለሊሴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛውን ፅንስ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ዳር፣ ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ነው ያጣችው። የአሁኑ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ሐምሌ ማለት ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ነው። «ለልጁ ይነገርልኝ» አለች፣ «እንግዳ ነውና እኔ ራሴ በር ላይ ልነግረው ነበር።»

በዚህ መሐል መኪናው ከጭቃው ለማምለጥ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። አዴ ድንቂቱ እጇን አንሥታ፣ አፏን ከፍታ፣ «ቁሙ! ቁሙ! ድልድዩ!» እያለች ሮጠች። እኔም ዣንጥላዬን ዘርግቼ ከጎኗ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ልጁ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሣን። ፈገግ ብሎ! «ሲሸኙን እይ!» ብሎት ነበር ለሾፌሩ፤ ይህን በኋላ ሾፌሩ ነው የነገረኝ።

መኪናው ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ስገባ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሁሉንም ነገርኩት። ግንቡን፣ ጣውላውን፣ ለሊሴን፣ ሐምሌን።

«ቲቸር፣ እኔ ፊት ለፊት ስጠይቃቸው እኮ ደስ ብሎናል ነው ያሉት» አለ። «የተረጎሙትም እርስዎ ነዎት።»

«ተረጎምኩ። ደስ ያላት አንተ ቤቷ በመግባትህ ነው። እሱ ግላድ ይባላል። አንተ የተጫንከው ሳቲስፋይድ ነው።»

ታብሌቱን ገልጦ ከልቡ ፈለገ። «ግላድ የሚል ምርጫ የለም» አለኝ።

«እንግዲያው የተጫንከውን አርመው።»

«አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።»

«ሌላ ቦታ ጻፈው። ክንድህ ላይ ጻፈው።»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ትንሽ ቆይቶ «ግን ቲቸር፣ ቅሬታ ካላቸው ሲጠየቁ ለምን አይናገሩም?» አለ፤ ማወቅ ፈልጎ ነው እንጂ ሊያሳጣን አልነበረም። ጢሙ ላይ ማሩ ገና አልደረቀም።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር በእኛም እናደዳለሁ። ሰው እንዴት ቤቱ ሲፈርስ እንኳ እንግዳ አላስከፋም ይላል? ስንቱ ትምህርት ቤት፣ ስንቱ የውኃ ቧንቧ፣ ስንቱ መንገድ በምስጋናችን ተሸፍኖ ቀረ? ግን ደግሞ ቁጣዬን ለሁለት ስከፍለው ትልቁ ቁራሽ ወደ ጠያቂው ያደላብኛል። አዴ ድንቂቱ ሰው ቤት ሄዳ «ምን ያህል ረካችሁ?» አላለችም። የሰውን መልስ ፈልጎ የመጣ ሰው መልሱ ከየት እንደሚወጣ ማወቅ የራሱ ሥራ ነው። በር ላይ ለመቆም ጊዜ የሌለው ሰው ቤት ባይገባስ? ጎደሬውስ ባይበላ?

መቱ ገባን። ስወርድ ቀድሞ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ።

በግንቦት አንድ የገበያ ቀን አዴ ድንቂቱ ቤቴ መጣች። ገብታ ተቀመጠች፣ ልጆቼን ጠየቀች፣ ቤቴን መረቀች፤ እኔ ግን ልሸኛት እስክነሣ አልጠበቅኩም፤ «ድልድዩስ?» አልኳት። ጣውላው ከቀድሞ ብሷል፤ ወረዳ ብትሄድ ፕሮጀክቱን ጠይቂ ብለዋታል። የሰፈሩ ወጣቶች በእንጨት ሊደግፉት ሞክረው ነበር፤ ግንቡ ካልታደሰ ገመዱ ሰው አይሸከምም። ለሊሴ ሆዷ ገፍቷል። ፈርታለች። ሌሊት እየባነነች ነው። እናትየውም ፈርታለች፤ አላለችም እንጂ ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ሲቆጥሩ ነበር።

ፕሮጀክቱን ስናፈላልግ በዚያው ቀን መቱ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ አገኘነው። የመዝጊያ በዓል ነው። ለካ ሥራው በስኬት ተጠናቋል። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ በየጠረጴዛው የታሸገ ውኃና ብስኩት አለ፤ መድረኩ ላይ የግድግዳውን ግማሽ የሚያህል ባነር ተሰቅሏል።

ባነሩ ላይ ያለችው አዴ ድንቂቱ ናት።

እጇን አንሥታ፣ አፏን ከፍታ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ ወደ እኛ ትሮጣለች። ዝናቡ እንኳ ይታያል። ከጎኗ የነበርኩትን እኔን ቆርጠው አውጥተውኛል፤ የቀረችው ክርኔና የዣንጥላዬ አንድ ጫፍ ናት። ከሥሯ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል «ጆይ» ተብሎ ተጽፏል። ለልጆች ስነግር ድምፄን ዝቅ የማደርግባት ቃል ናት። ባለጌዎች!

አዴ ድንቂቱ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ ነኝ?» አለች።

«እርስዎ ነዎት።»

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

አያችሁ፣ ዕድሜ ልኬን ቃል ስተረጉም ኖሬያለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደችኝ የለችም። «ታላቅ ደስታ ይላል» አልኳት።

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«ያን ቀን እኮ ቁሙ እያልኩ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ። «ክርኑ የኔ ነው።»

ይህን ጊዜ ኤክስፐርቱ ከመድረኩ አጠገብ አየን። ፊቱ በራ። በእውነት በራ፤ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «አከም ጅርቱ፣ አዴ!» አላት፤ ደህና ነዎት ወይ ማለት ነው፤ ከእኛ አገር የለመዳት ብቸኛ ኦሮምኛ እሷ ናት። አዴ ድንቂቱ አልመለሰችለትም። ኢሉባቦር ውስጥ ሰላምታ አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቁ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት የአገሩ ሰዎች ሁሉ ብስኩታቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቆሙ። ምስጋና የለ፣ ምርቃት የለ፣ እናትህ ትባረክ የለ። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ «ድልድዩ ተሰብሯል» አለችው። «ልጄ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። ድልድዩ ተሰብሯል።»

«ምን አሉ?» አለኝ።

ነገርኩት። ቃል መምረጥ አላስፈለገኝም፤ ለዚህኛው ቃል አላማረጠችኝም።

ደነገጠ፤ ይህንንም አልክድበትም። «ግን እኮ ፕሮጀክቱ ዛሬ ተዘጋ» አለ። ቀጥሎም ወደ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ዞሮ ተንሾካሾከ፤ ሰውየውም ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን አለ። ይህቺን «የሚመለከተው አካል» የምትባል ነገር እስካሁን በአካል ያገኛት ሰው ካለ አስተዋውቁኝ።

አዴ ድንቂቱ ይህንንም አስተርጉማ ከሰማች በኋላ ወደ ባነሩ ጠቆመች። «እንግዲያው ይህቺን ደስ ያላትን ሴትዮ ጥሩልኝ» አለች። «እኔን ትመስላለች፤ ግን እኔ አይደለሁም። ጉልበትም ያላት ትመስላለች። በሐምሌ መጥታ ልጄን አዝላ ታሻግርልኝ።»

ጮክ ብዬ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተረጎምኩት። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ሳቁ። አጨበጨቡላት! «የሚገርሙ እናት ናቸው» አሉ። አንዷ ልጅ ከጎኗ ቆማ ሰልፊ ተነሣች። እኔ በሕይወቴ ሰው መምታት አምሮኝ የሚያውቀው ያን ቀን ነው። ከዚያ ምሳ ተባለና ወደ ምግቡ ሄዱ።

አዳራሹ ውስጥ እኛ ብቻ ቀረን። አዴ ድንቂቱ መድረኩ ላይ ወጥታ የባነሩን ጫፍ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመርጥ።

«ይሄ ውኃ ያስገባል?» አለችኝ።

«አያስገባም። ላስቲክ ነው።»

ሲባጎውን መፍታት ጀመረች። እኔም ወንበር ስቤ በሌላኛው በኩል ወጣሁ። አስተናጋጇ በር ላይ ቆማ አየችን፤ መጥታም ወንበሬን ያዘችልኝ። አጣጥፈነው ስንወጣ «የማን ነው ቢሉንስ?» አልኳት። አዴ ድንቂቱ «ፊቴ ነው» አለች።

ከሳምንታት በኋላ ልጁ ደወለልኝ። ድልድዩን ሊጠይቀኝ መስሎኝ ልቤ ተነሥቶ ነበር። የደወለው ስለ ባነሩ ነው። የፕሮጀክት ንብረት ነው፤ ርክክብ ላይ ጎድሏል፤ ቲቸር አይተውት ይሆን? በትሕትና ነው የጠየቀኝ። «ዳሪሙ ነው ያለው» አልኩት፤ «ወርደህ ውሰደው። ግን ያዳልጣል።» ስልኩን ዘጋሁት።

ሐምሌ መጣ። ወንዙ ሞላ። ለሊሴን ምጥ ከረፋዱ ጀመራት። ድልድዩን አልሞከሩትም። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ላይ አስተኝተዋት፣ ሰው ከሰው ተያይዞ፣ ቃሬዛውን በላይ በላይ ይዘው ውኃው ደረታቸው እየደረሰ ተሻገሩ። ሁለት ጊዜ ሊወሰዱ ነበር። ዝናቡ እንዳይመታት ከላይ የለበሰችው ወንዶቹ ከእናቷ ቤት ይዘው የሄዱትን ባነር ነው። ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መቱ። ይህን ሁሉ የሰማሁት እኔ ሆስፒታሉ ስደርስ ነው። ደርሼም አላመንኩም፤ አልጋው ጋ ሄጄ በዓይኔ እስካያት ድረስ። ሴት ልጅ ናት። እናቷን ትመስላለች፤ ቁጣዋ ግን አያቷን።

አዴ ድንቂቱ ነጠላዋ የት እንደወደቀ አታውቅም። ጭቃው እጉልበቷ ድረስ ደርቋል። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እኔን ትስማለች፣ የማታውቃትን ነርስ ትስማለች፤ «ገለኒ ካን ዋቃቲ! ገለኒ ካን ዋቃቲ!» ትላለች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የዓመታት ተማሪዎቼን ጠርቼ «እዩ፣ ጆይ ማለት ይህ ነው» ልላቸው አማረኝ። ባነሩን አጥበው ግቢው አጥር ላይ አስጥተውት ነበር፤ ፊቷ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል፤ የተጻፈው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኗል። ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ ለጥቂት ጊዜ ከመጋቢት ጀምሮ የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ።

ልሄድ ስነሣ ልትሸኘኝ ወጣች። «አይምጡ፣ ደክመዋል» ብላትም እሺ አላለችም። የሆስፒታሉ በር ጋ ስንደርስ ቆመች። እጄን ያዘች።

«ቲቸር» አለች። «አንድ ነገር ነበረች።»

ጠጋ አልኳት።

«አራሷን ከነልጇ በየት ነው የምንመልሳት?»

ከኋላዋ፣ አጥሩ ላይ፣ ፎቶዋ ላይ እጇን አንሥታ አሁንም ትጮኻለች።